አመመኝ እንዳትዪ ብዬ የገዘትኳት ልጄ

ልጅሽ ጠዋት "ልቤ" ካለች፣ ቀትር ላይ "ሆዴ" ካለች፣ ማታ ደግሞ "ትንፋሼ አጠረኝ" ካለች፣ አንቺም ሰልችቶሽ ፊትሽን ካዞርሽ፣ ይህን የማወራው ለአንቺ ነው። ሌላው ሰው ቢሰማውም ባይሰማውም ግድ የለኝም። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ የምትጽፍልኝ የእህቴ ልጅ ናት። ንግግሬን እንዳታለሰልስብኝ አስጠንቅቄያታለሁ። ጣሊያን ከሄደ ስንት ዘመኑ፤ እኔ ግን ይህን ነገር ባነሳሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። በባለመድኃኒቱም፣ በአስተርጓሚውም፣ በባሌም፣ ከሁሉም በላይ በራሴ።

ቤታችን ቀወት ነው፤ ከሸዋ ሮቢት ማለዳ የተነሳ ሰው ፀሐይ ሳትበረታ የሚደርስበት። ባሌ ደምሴ ማሽላና ጥጥ ያርሳል። ሁለት ልጆች ነበሩን፤ አስካለና ታናሿ ተሾመ። ጣሊያን በገባ በዓመቱ፣ ክረምቱ እንደወጣ፣ ተሾመን ንዳድ ያዘው። አገሩ ቆላ ነውና ንዳድ ለእኛ አዲስ አይደለም፤ ይዞ ይለቀዋል ብለን ነበር። በሦስተኛው ቀን ልጁን ለአስካለ ትቼላት ውሃ ልቀዳ ወንዝ ወረድኩ። ስመለስ ወንድሟን ጭኗ ላይ አስተኝታ፣ እጇን ደረቱ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። "ቆመ" አለችኝ። ያኔ አሥራ አራት ዓመቷ ነበር። ቀበርነው፣ አለቀስን፣ ጎረቤቱ መጥቶ አጽናናን። እኔን አጽናኑ፣ ደምሴን አጽናኑ። እሷን "አንቺስ እንዴት ነሽ?" ያላት አንድም ሰው አልነበረም። እኔም አላልኳት።

ወር እንኳ ሳይሞላ፣ ማሽላው እሸት ይዞ ወፍ የሚጠበቅበት ሰሞን፣ አስካለ ከማማው ላይ ወርዳ እየሮጠች መጣች። ወፉ ማሳውን እየለቀመው እሷ እጄን ይዛ ደረቷ ላይ ለጠፈችው።

"እማዬ፣ ልቤ ቆመ።"

"ልብሽ ቆሞ ነው እንዲህ የምትሮጪው?" ብዬ ሳቅኩ። እውነቴን ነው፣ ሳቅኩ። በማግስቱም መጣች። በሦስተኛው ቀን ሆዷ ውስጥ የሚላወስ ነገር አለ አለች። ይኼን ጊዜ ገባኝ አልኩ። ሆድ ውስጥ የሚላወሰው ሌላ ምን ሊሆን ነው? የኮሶ ትል ነዋ። ከደብረ ሲና ገበያ የወረደ ኮሶ ነበረኝ፤ ወቅጬ፣ በጥብጬ በባዶ ሆዷ ሰጠኋት።

እዚህ ላይ ሞኝነቴን ስሚልኝ። የእኛ አገር ልጅ ኮሶ ሲጠጣ ሁለት ሰው እጁን ይዞ፣ አንዱ አፍንጫውን ቆንጥጦ ነው። ቀምሶ ያልተፋ፣ ጓሮ ዞሮ ያልደፋ ልጅ አላውቅም። የእኔ ልጅ ግን ጽዋውን በሁለት እጇ ተቀብላ ጭልጥ አድርጋ ጠጣችው። በሁለተኛው ሳምንት "የትሉ ራስ አልወጣም፣ ድገሚልኝ" አለችኝ። ሰው ኮሶ የሚወስደው በሁለት ወሩ ነው፤ ይህን የማያውቅ የለም። እኔም አውቃለሁ። ግን ኩራት ያዘኝ። ለጎረቤት "የእኔዋ እኮ ለምና ነው የምትጠጣው" እያልኩ አወራሁ። ሴቶቹም ልጆቻቸውን "እስቲ አስካለን እዩ" እያሉ ተቆጡባቸው። ደገምኩላት። ወሩ ሳይወጣ ሦስተኛውን ሰጠኋት። በሦስተኛው ከደጃፉ ላይ ተዘረረች፤ ዓይኗ ተገለበጠ፣ እግሯ እንደ በረዶ ቀዘቀዘ። ተልባ በጠብታ እየጋትኩ ስንት ቀን ቆየሁ መሰለሽ። ኮሶ የምትለምን ልጅ ጤነኛ እንዳልሆነች ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም ነበር። እኔ ግን ጎበዝ ልጅ አለችኝ ብዬ ስኩራራ ልገድላት ነበር።

ከዚያ በኋላ መንከራተት ሆነ። አንዱ ዋግምት አለ፤ ጀርባዋን በጥቶ ቀንድ ደፍቶ ደሟን መጠጠ። "የተበላሸ ደም ነው፣ ጥቁረቱን ተመልከቺ" ብሎ አሳየኝ። የማን ደም ነው ረግቶ የማይጠቁረው? ካራቆሬ ድረስ ይዣት ሄድኩ። እዚያ ያለው ባለመድኃኒት እጇን ሳይነካ፣ ዓይኗን ሳያይ "የተደገመባት ናት፣ ቤታችሁ አጠገብ ጠላት አለ" አለኝ። ጥጃችንን ሸጠን የሰጠነው ለዚህ ቃል ነው። ስመለስ ከጎረቤት ሁሉ ጋር ዓይን ለዓይን መተያየት አቃተኝ፤ ጠላቴ ማነው እያልኩ። ደብረ ሲና ጠበል ወጣን። ዳገቱን ስንወጣ ሁለት ቦታ ጣሊያን የይለፍ ወረቀት ጠየቀን። ለብርድ የሚሆን ልብስ አልያዝንምና ጠበሉ በር ላይ ወረፋ ስንጠብቅ ተቃቅፈን ተንቀጠቀጥን። በዚያ ብርድ ውስጥ ልጄ ደስ ብሏት ነበር። "እማዬ፣ አሁን ተሽሎኛል" አለችኝ። እቅፌ ውስጥ ስለሆነች እንደሆነ ለምን አልገባኝም? ቆላ ወርደን ቤት ስንደርስ፣ እኔም ወደ ወፍጮዬ ስዞር፣ "እማዬ፣ ጉሮሮዬን ያነቀኝ ነገር አለ" ብላ ጀመረች።

ሄደን ያየነው ሁሉ አንድ በሽታ አገኘባት። ባዶ እጃችንን የመለሰን የለም። አንዱ ደም፣ አንዱ መተት፣ አንዱ የቀትር ጋኔን። "ይህች ልጅ ፈርታለች" ያለኝ ግን አልነበረም።

ደምሴ ደግሞ የራሱ መልስ ነበረው። "ሥራ ጠልታ ነው" ይላል። አንድ ቀን በአለንጋ መታት። ስትመታ አላለቀሰችም፤ ሰውነቷን ዘርግታ ሰንበሩ ማበጥ አለማበጡን ነበር የምትጠይቀኝ። ያን ጊዜ በእሱ ተናደድኩ፣ በእሷም ተናደድኩ። እኔና ባሌ ከዚያ ቀን ጀምሮ በአንድ ገበታ ቀርበን ዝም ተባብለን የምንበላ ሆንን።

በዚህ መሐል ጣሊያን ሸዋ ሮቢት ሰፈሩ አጠገብ ሐኪም ቤት ከፈተ። ሐኪም ቤት ስል ሁለት ድንኳንና አንድ ቆርቆሮ ክዳን ነው። ሕዝቡ ለኪኒንና ለዓይን መድኃኒት ይሄድ ነበር፤ ግማሹ በድብቅ፣ ግማሹ በግልጽ። ወሰድኳት። ከግራር ሥር ከማለዳ እስከ ቀትር ተቀመጥን። ዓይኑ መግል የሞላ ሕፃን የታቀፈች ሴት አጠገቤ ነበረች፤ "የአንቺዋስ ምን ሆና ነው?" አለችኝ። ልጄ ቀይ፣ መልከ መልካም፣ በእግሯ የሄደች ናት። ምን እላታለሁ? አፈርኩ።

ሐኪሙ ሸምገል ያለ፣ ላቡን በመሀረብ የሚጠርግ ፈረንጅ ነው። ጆሮው ውስጥ የሚሰካ ቱቦ ነበረው፤ የቱቦውን ጫፍ ደረቷ ላይ አድርጎ ዓይኑን ጨፍኖ ረዥም ጊዜ ሰማ። በጀርባዋም ሰማ። ከዚያ በቋንቋው አንድ ነገር ተናገረ። አስተርጓሚው የእኛው አገር ሰው ነው።

"ልቧ ደህና ነው፣ ምንም የለባትም ይላል" አለኝ።

"ምንም ከሌለባት ምን ላድርጋት?"

ሐኪሙን ሳይጠይቅ "ባል ፈልጊላት" ብሎ ሳቀብኝ። ያን ሳቁን እስክሞት አልረሳውም። ፈረንጁ ግራ ገብቶት ሁለታችንን ያየን ነበር።

በማግስቱ ማሽላ እንድትሸለቅቅ ባዛት ትታኝ ጠፋች። ለካ ብቻዋን ሐኪም ቤት ሄዳለች። በሦስተኛውም ቀን። ሁልጊዜ ወረፋ ትጠብቃለች፣ ሐኪሙ ቱቦውን ደረቷ ላይ ያደርጋል፣ ይሰማል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ እሷም ትመለሳለች። መድኃኒት አትጠይቅ፣ መርፌ አትጠይቅ። "ምን ልትሆኚ ነው የምትሄጂው?" ብዬ ያዝኳት።

"እሱ ያዳምጠኛል" አለችኝ።

ያች ቃል አንጀቴን ነው የቆረጠችው። አገሬን የወሰደ ሰው ልጄን ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል፤ እኔ እናቷ ወፍጮዬን እፈጫለሁ። ግን ያን ጊዜ እንዲህ ብዬ አላሰብኩም። ያን ጊዜ ያሰብኩት ምን ዓይነት ጉድ ወለድኩ ብዬ ነው።

ነገሩ ደግሞ ውርደት ብቻ አልነበረም። የደምሴ ወንድም ከአርበኞች ጋር ጫካ ነበር፤ ደምሴም በየጊዜው እህል ይልክለታል። እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ያለች ልጅ በየቀኑ ጣሊያን ሰፈር ስትመላለስ ሰው ምን ይላል? ወሬው አገሩን አዳረሰ። ሰኔ ላይ፣ ማሳ ስናርም፣ የደምሴ የአጎት ልጅ መጣ። ውሃ እንኳ አልጠጣም።

"ልጃችሁ ወሬ ታቀብላለች ተብሏል። እኔ ታማለች ብዬ ተከራክሬያለሁ። አንድ ቀን እንደገና ከታየች ግን መንገድ ላይ ይጠብቋታል። ከዚያ በኋላ እኔን አትጠይቁኝ" ብሎ ሄደ።

ደምሴ ገባና በበሬ ጠፍር ከምሰሶው ጋር አሰራት። እብድ በሰንሰለት ሲታሰር አይተናል፤ የእኛዋ ግን እብድ አልነበረችም፤ ስሟን ታውቃለች፣ ቀኑን ታውቃለች፣ እኔንም ትለምነኛለች። "እማዬ፣ እጅሽን እዚህ አድርጊልኝ፣ ልቤ ይመታል ወይ?" ሁለት ቀን ለመነችኝ። ሁለት ቀን አላደረግኩላትም። ካደረግኩላት ትለምደዋለች ብዬ።

በሦስተኛው ቀን ፈትቼ ቤተ ክርስቲያን ወሰድኳት፤ የንስሐ አባታችን መምሬ ኃይሉ እንዲገዝቷት። እሳቸው ግን ነገሬን ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ሕመም ይገዘታል እንዴ የሺ? ልጅቷ የፈራች ልጅ ናት። ተይ፣ አታስፈራሪያት።"

"እንግዲያው መንገድ ላይ ትገደል?"

"እንዳትሄድ ጠብቂያት። አፏን ግን አትዝጊባት።"

ቁጡ ነኝ፤ ከድሮም ቁጡ ነኝ። መምሬን እዚያው ጥዬ ልጄን እጇን ጎትቼ ደጀ ሰላሙ ላይ አቆምኳት። "ስሚኝ አስካለ። እዚህ ታቦቱ በር ላይ ቆሜ እገዝትሻለሁ። ከዛሬ ጀምሮ አመመኝ የሚል ቃል ለማንም ሰው፣ ለእኔም ቢሆን፣ ከአፍሽ ከወጣ እኔን ቅበሪኝ።" ያልኩት ይህን ነው። እኛ በየጉርሻው "በሞቴ" እንላለን፣ እንግዳ ካልበላልን "ቅበረኝ" እንላለን፤ ማንም ሞቶ አያውቅም። ግን እኔ ይህን ያልኩት ወንድሟ በእጇ ላይ ለሞተባት ልጅ ነው። ፊቷ አመድ ሲመስል አየሁ። መምሬም አዩ፤ "ምን አደረግሽ!" አሉኝ። ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ ይዣት ወረድኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አስካለ ዳነች። እኔ እንዲያ ነበር የማወራው፤ ዳነች እያልኩ። ጣሊያን ቤት አትሄድም፣ ልቤ አትል፣ ሆዴ አትል። ትፈጫለች፣ ትቀዳለች፣ ታርማለች። ክረምቱ በሙሉ እንዲህ አለፈ። ልጅ አስቸገረን ለሚሉ እናቶች ሁሉ "ቁጣ ነው መድኃኒቱ፣ እኔን እዩ" አልኳቸው። ምላሴን በቆረጠው። ጥርሷን ነክሳ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ስትወትፍ አይቻለሁ። ምግብ ስትቀንስ አይቻለሁ። ጎረቤታችን እትዬ ዘሃራ፣ ባላቸው ሸማኔ የሆኑ የአርጎባ ሴት፣ ጥጥ ሲፈትሉ አጠገባቸው መቀመጥ ትወድ ነበር፤ እሱንም ተወችው። እሳቸው "ይህች ልጅ ምን ሆነች?" ሲሉኝ "አደገች" አልኳቸው።

ጥቅምት ላይ አንድ ጠዋት እትዬ ዘሃራ በራችን ላይ ቆመው ጠሩኝ። አስካለ ከደጅ ቁጭ ብላ ማሽላ ትለቅማለች። እጇን ይዘዋል።

"የሺ፣ ልጅሽ እሳት ሆናለች እኮ። ወላሂ እጄን ፈጀችኝ።"

"አላመማትም፣ ቢያማት ትነግረኝ ነበር" ስል ቃሉ አፌ ውስጥ ደረቀ።

ነካኋት። እንደ ምጣድ ትፋጃለች፤ ጥርሷ ይንገጫገጫል፣ ዓይኗ ቢጫ ሆኗል። "አስካለ፣ ምን ሆንሽ?" አልኳት። "ደህና ነኝ" አለችኝ። "ስንት ቀንሽ ነው?" "ደህና ነኝ እማዬ።" እየተንቀጠቀጠች፣ ዓይኔን እያየች፣ ደህና ነኝ። ለካ ንዳዱ ከያዛት አራት ቀን ሆኖታል፤ ተሾመ የሞተው በሦስተኛው ነው።

ደምሴ አቀፋትና በአህያ ጫንናት። አርበኛም ይግደለን፣ የፈለገውም ይሁን አልን። ሐኪም ቤቱ በር ላይ ያው አስተርጓሚ ቆሟል። ገና ከሩቅ ሲያያት ሳቀ።

"መጣች ደሞ! ዛሬስ የት ነው?"

"ንዳድ ነው፣ ንካት፣ ሐኪሙን ጥራልን" አልኩት።

"እሷ ትናገር። ምንሽን ነው?" አላት።

ልጄ ከአህያው ላይ ቀና ብላ፣ መጀመሪያ እኔን አየችኝ። "ምንም አላመመኝም" አለችው።

"ይኸው፣ ዛሬ እውነቷን ተናገረች" ብሎ ሌላ ሰው አስገባ። ደምሴ ሊታገለው ሲል ዘበኛው ጠመንጃውን አዞረብን። ሐኪሙ ከድንኳኑ ውስጥ ነበር፤ መኖራችንንም አላወቀ። ይህ ሰው፣ ይህ የእኛው ሰው፣ በእጁ ጀርባ ግንባሯን ቢነካ ኖሮ ነገሩ ያልቅ ነበር። እጁን ማንሳት ከበደው። እኔ ግን የበለጠ ማንን እንደምረግም አውቃለሁ። አፏን የዘጋሁት እኔ ነኝ።

ስንመለስ መንገዱ በቤተ ክርስቲያኑ በኩል ነው። ደምሴን አስቆምኩትና በጀርባዬ አዝዬ አወጣኋት። መምሬ ኃይሉ ከዛፍ ጥላ ሥር ነበሩ። "አባቴ፣ ይፍቱልኝ" አልኳቸው። "እኔ ምን አስሬ? አንቺ ያሰርሽውን አንቺው ፍቺ" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ደጀ ሰላሙ ላይ አስቀመጥኳትና ፊቷ ተንበረከክኩ።

"አስካለ፣ ፈትቼሻለሁ። ተናገሪ።"

ራሷን ነቀነቀች። "ትሞቻለሽ" አለች። ድምጿ አይሰማም።

"አልሞትም፣ ውሸቴን ነው ያልኩት።"

"ታቦቱ በር ላይ ነው ያልሽው።"

ምን ልበላት? ይህን ስል ታቦቱ ሰምቷል፣ ቄስ ሰምቷል። አልሞትም ብላት አታምነኝም። ስለዚህ ያለኝን ሰጠኋት። "እሺ፣ ልሙት" አልኳት። "እኔ ልሙት። ፈቅጃለሁ። አንቺ ግን ተናገሪ።" ደምሴ ከኋላዬ ሲያለቅስ ሰማሁት፤ ልጁን ስንቀብር እንኳ አላለቀሰም ነበር።

እጄን ጨብጣ ያዘች። ከዚያ "ራሴ" አለች። "ራሴን አመመኝ እማዬ። ወገቤንም። ዓይኔንም።" ጀመረች፤ አላቋረጠችም። የዛሬውን ጨርሳ የክረምቱን ቀጠለች፤ ሐምሌ ላይ ጎኗን፣ ነሐሴ ላይ ደረቷን፣ አንድ ሌሊት ትንፋሿ ቆሞ ምላሷን እንደነከሰች፣ ሁሉን። እያንዳንዱን ሰማሁ። ቤት ስንደርስ እትዬ ዘሃራ ባላቸው ከመንገድ ሠራተኞች ያገኙትን ኪኒን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ይጠብቁን ነበር። "አላህ ያሽርሽ" እያሉ በእጃቸው አስዋጧት።

ያን ከሰዓት በኋላ አልተኛችም። ትኩሳቱ እያንቀጠቀጣት ዓይኗን ከእኔ አልነቀለችም። ውሃ ልቀዳ ስነሳ "አትሂጂ" ትላለች። ፀሐይ ጠለቀች። እኔም አጠገቧ ተቀምጫለሁ።

"አልሞትሽም?" አለችኝ።

"አልሞትኩም።"

ያን ጊዜ ተኛች። ሳምንት ሙሉ ሞትና ሕይወት ሲጎትቷት ሰነበቱ፤ በኋላ ንዳዱ ለቀቃት።

ሌላው በሽታ አልለቀቃትም፤ ለቀቃት ብዬ አልዋሽሽም። ደምሴ ጫካ ሄዶ ለወንድሙ አለቆች የልጁን ነገር በራሱ አፍ አስረዳ፤ ከዚያ በኋላ የነካን የለም። እኔ ደግሞ በየቀኑ ሥራዬን ትቼ እጄን ደረቷ ላይ አደርግ ጀመር። መጀመሪያ በቀን አሥር ጊዜ ነበር። ጥርሴን ነክሼ ያደረግኩበት ቀን አለ፤ ጮኼ ተመልሼ ያደረግኩበትም አለ። ጣሊያን የወጣ ዓመት በሳምንት አንዴ ሆነ። ዛሬ አግብታ ወልዳለች፤ ጎጆዋ ከእኔ ጎጆ አይርቅም።

ልጅሽ ውሸቷን ነው ይሉሻል። ይበሉሽ። እኔም እውነቷ የትኛው፣ ፍርሃቷ የትኛው እንደሆነ እስከ ዛሬ ለይቼ አላውቅም። ትናንት ማሽላ እየነፋሁ ሳለ መጣችና "እማዬ፣ ጎኔን ወጋኝ" አለችኝ። ሥራ ፈትቼ አልነበረም፤ ንዴቴም መጣ፣ አሁንም ይመጣል። ወንፊቱን አስቀመጥኩና "የቱ ጋ ነው?" አልኳት።